መመለሻ በእርሳስ

ጋሽ መኩሪያ ቀሩ። ይህን ለሰው መናገር ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ አልቀና ብሎኝ ነበር። ካዛንቺስ የድሮው ቢሯችን ሥር ጭማቂ ቤት የነበራት ሴትዮ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ አገኘችኝና፣ «እኚያ አብረውሽ የሚሠሩት ሽማግሌ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ቀሩ» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ውይ! ነፍስ ይማር! መቼ?» አለች።

«ኧረ በስመአብ! አልሞቱም። አርባ ምንጭ ነው የቀሩት። ደርሶ መልስ ቆርጠው ሄደው መመለሻውን ተዉት።»

«እሳቸው? ሰው መመለሻውን ሲተው ስልክ ይዘው አገር የሚያምሱት ሰውዬ?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

መንገድ ላይ ቆመን ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ሳቋን ጨርሳ ሄደች፤ እኔ ግን የመጣውን ታክሲ አሳለፍኩት። ከእኚህ ሰው ጋር ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጬ ትኬት ቆርጫለሁ። ከእናቴ ይልቅ እሳቸውን አይቻለሁ።

ቢሯችን ካዛንቺስ ውስጥ፣ ደረጃው ሲረግጡት ሲጢጥ የሚል አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ በመጀመሪያው ቀን ስገባ ቡናማ ሹራብ የለበሱ፣ ቀጠን ያሉ ሰውዬ ወገባቸው ላይ ያለውን ቀበቶ ፈትተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለአንዲት ነጠላ ለለበሱ እናት ያሳያሉ። «እንዲህ ያስገቡታል፣ እንዲህ ይስቡታል። ሲፈቱት ደግሞ ይህችን ቀና ነው። አይፍሩ፤ ጆሮዎ ሲደፈን ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ። መቀመጫዎ ከክንፉ ፊት ነው። ክንፉ ላይ ቢሆን ኖሮ እስከ ጅዳ ድረስ የሚያዩት ቆርቆሮ ነበር።» ሴትየዋ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቄስ ምክር በአንገታቸው ይቀበላሉ። እኔ በልቤ፣ «ይህ ሰውዬ ዓለምን ዞሮ የጨረሰ ነው» አልኩ።

ወር ያህል እንደቆየሁ፣ «ጋሼ፣ አውሮፕላን ሲነሳ ግን ያስፈራል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ያኔ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር።

«እኔ ምን አውቄ? ተሳፍሬ አላውቅም።»

ክው አልኩ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያሳፍሩ ኖረው?»

«የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ሞቶ ያውቃል?» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እንዲህ ነበሩ። ፀሐይ አናት በሚበሳበት በመጋቢት ጃንጥላ ይይዛሉ፤ «ጋሼ፣ ዝናቡ የታለ?» ስንላቸው፣ «ይመጣል» ብቻ ነው መልሱ። መነጽራቸውን የሚጠርጉት በከረባታቸው ጫፍ ነው። ቢሮው በየዓመቱ ለሠራተኛ አንድ ነፃ ትኬት ሲሰጥ የእሳቸውን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። «እኔ የምመለስ ሰው ነኝ፤ ተመልሼ እዚሁ የምመጣ ከሆነ መሄዱ ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። ይህን ንግግራቸውን ስንቀልድበት ኖረናል።

ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የሀበሻውም የፈረንጁም ቀን ያለበት ትልቅ ካሌንደር ተሰቅሏል። የእያንዳንዱን መንገደኛ ስም እዚያ ላይ ይጽፋሉ። መሄጃውን በእስክሪብቶ፣ መመለሻውን በእርሳስ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መሄጃ የቆረጠ ሰው ይሄዳል። መመለሻውን ግን የሚያውቁት እግዜርና ሰውዬው ናቸው። አንዳንዴ ሰውዬውም አያውቀውም» አሉኝ።

የሥራውን ጠባይ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጉብኝት ቪዛ የሚሄድ ሰው መመለሻ ትኬት ካላሳየ ብዙ ቦታ አያስገቡትም። ስለዚህ የሚመለሰውም የማይመለሰውም ደርሶ መልስ ይቆርጣል። ቀኑ ሲደርስ የማይመለሰው ዝም ይላል፤ አውሮፕላኑ ወንበሩን ባዶውን ይዞ ይበራል፤ ሲስተሙ ላይ «ኖ ሾው» ተብሎ ይጻፋል። በቃ፣ አለቀ። ጉዳዬ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጋሽ መኩሪያ ግን ጉዳዬ ይላሉ። የመመለሻው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰውዬው ያለበት አገር ድረስ ይደውላሉ። አደዋወላቸው ደግሞ ለብቻው ነው። መጀመሪያ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ከዚያ የሹራባቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆልፋሉ። ከዚያ ይደውሉና ሰላምታ ሲያልቅ፣ «መመለሻዎ ሐሙስ ነው። ይመለሳሉ?» ይላሉ። አይለምኑም፤ አይገሥጹም። ጠይቀው ዝም ብለው ይሰማሉ። ሰውዬው «አልመለስም» ካለ ሁለተኛዋን ጥያቄ ያስከትላሉ፤ «ለሚጠብቅዎት ሰው ነግረዋል?»

ነግሬያለሁ ካለ፣ «እግዜር ይርዳዎት» ብለው ወንበሩን ይለቁታል፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት፣ ባዶውን እንዳይበር። ከዚያ ላጲሳቸውን አውጥተው ስሙን ከካሌንደሩ ላይ ያጠፉታል። አልነገርኩም ካለ ግን ጉድ ፈላ! ጠዋት ይደውላሉ፣ ከሰዓት ይደውላሉ፤ ሰውዬው ተሰላችቶ ለእናቱ ወይ ለሚስቱ እስኪናገር አይለቁትም።

«ለምን ቆመው ነው የሚደውሉት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቁርጡን ሊነግረኝ ነዋ። ቁርጥ ነገር ተቀምጦ አይሰማም።»

ይህ ሁሉ ጣጣ እኔን ያናድደኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማለቴ፣ ሰው ቀረ አልቀረ ትኬት ቢሮ ምን አገባው? የዘመኑ ልጅ ነኛ! ሰው ስልክ የማያነሳው መልስ ስለሌለው ነው፤ ዝምታውም መልስ ነው ብዬ አስብ ነበር። በገዛ ስህተቴ እስክማር ድረስ።

አንድ ጊዜ ጉንፋን ጠንቶባቸው ሁለት ቀን እቤት ተኙ። ሲሄዱ፣ «የሐሙሶቹን አንቺ ደውይላቸው» አሉኝ። ካሌንደሩ ላይ በእርሳስ፣ «ሰላም፣ ዱባይ» ይላል። ቡኪንጉን ከፈትኩና የሰፈረውን ስልክ ደወልኩ። ተቀምጬ ነው፤ ማስቲካ እያኘክኩ ነው። ያነሱት እናቷ ናቸው።

«ከትኬት ቢሮ ነው። የሰላም መመለሻ ሐሙስ ነው፤ ኮንፈርም ላድርግላት?»

ጆሮዬ ውስጥ እልልታ ፈነዳ። «ሐሙስ? ልጄ ሐሙስ ልትመጣ? እሷ እኮ ገና ወር ይቀረኛል ነው ያለችኝ! አሃ፣ ልታስደነግጠኝ ነው! አድርጊልኝ የኔ እናት፣ አድርጊልኝ! እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ወግ ማዕረግሽን ያሳየኝ!»

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ የሰው እናት መረቀችኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ።

ማክሰኞ ጋሽ መኩሪያ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው መጡ። እየፎከርኩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቷን? ልጅቷን ሳትጠይቂ?»

«ስልኩ የእናቷ ነበራ...»

«ቤዛ» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ «አንቺ ልጅ» ነኝ። «ሰላም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁርጧን ነግራኛለች። ሥራ ልትፈልግ ነው የሄደችው። የምትመለሰው እግዜር ሲያውቅ ነው። እናቷ ሐሙስ ቦሌ ሄደው ሊቆሙ ነው ማለት ነው። የማይመጣ ሰው ሊጠብቁ።»

የገባኝ ያኔ ነው። እንባዬ መጣ። «አሁኑኑ እደውልላቸዋለሁ፤ ስህተት ነው እላቸዋለሁ።»

«አይሆንም። ይህ ካንቺ አፍ አይሰማም። ከልጅቷ አፍ ነው የሚሰማው።»

አብራት ከሄደች ጓደኛዋ የሰላምን የዱባይ ቁጥር ሲያገኙ እኩለ ቀን ሆነ። ተነሱ፣ ሹራባቸውን ቆለፉ፣ እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት። ሰላም ነገሩን ስትሰማ ጮኸች። «ጋሼ፣ አልነግራትም! እናቴ ደም ግፊት አለባት። ብትሰማ ትሞትብኛለች!»

«ሰምቶ የሞተ ሰው አላውቅም» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ድምፃቸው በጉንፋኑ ተዘግቷል። «ጠብቆ ጠብቆ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ግን አውቃለሁ። ስሚኝ ልጄ። መቅረትሽ ነውር አይደለም፤ ሠርቼ ልብላ ብለሽ ነው። ሳትናገሪ መቅረትሽ ነው ነውሩ። ነገ ከሰዓት እናትሽ ዘንድ ነን። ደውይ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሺም እንቢም አላለችም።

ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቀን ቄራ፣ የእትዬ ዘነበች ቤት ሄድን። እትዬ ዘነበች የሰላም እናት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በአዲስ ኖራ ተቀብቷል። ገና አልደረቀም ነበርና ልደገፍ ስል ጀርባዬ ነጭ ሆነ። መጋረጃው አዲስ ነው። ለነገ የሚሆን ሥጋ በሳፋ ተከድኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። «የትኬት ቢሮ ሰዎች! ደስታዬን ልትካፈሉ መጣችሁ?» ብለው ሲስሙኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ መኩሪያ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ። «ሰላም ዛሬ ትደውልልዎታለች፤ እስከዚያ አብረን እንቀመጥ ብለን ነው» አሉ። ትደውል አትደውል ግን አያውቁም። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ስለ ልጃቸው ብዙ አወሩ። ትንሽ ቆይተው ወሬያቸው ቀነሰ። ጋሽ መኩሪያን ያያሉ፣ ስልኩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። እናት ናቸውና ነገሩ እየሸተታቸው ሄደ። እኔ ኖራውን ከቀሚሴ ላይ እየፈቀፈቅኩ በልቤ «ደውይ፣ ደውይ፣ ደውይ» እላለሁ።

ስልኩ ሲጠራ ጋሽ መኩሪያ ብድግ አሉ። እትዬ ዘነበች እሳቸውን አይተው እሳቸውም ብድግ አሉ። እኔም ተነሳሁ። ሦስታችንም ቆመን ነው ያ ስልክ የተነሳው።

ሰላም ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ የለቅሶ ድምፅ ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። እናት ቆመው ይሰማሉ። እጃቸው አዲሱን መጋረጃ ጨብጧል። ከዚያ ጠየቁ። «ትበያለሽ? ... የምትተኚበት አለሽ? ... የሚመታሽ ሰው አለ? ... እውነቱን ንገሪኝ፣ አለ?» ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «እንግዲያው ሥሪ። በርቺ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀን አትስጪኝ፤ ድምፅሽን ስጪኝ። በቃ ድምፅሽን።»

ስልኩን ዘግተው ተቀመጡና በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ይወድቃሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ሳፋውን አይተው፣ «ዛሬ ጾም ነው። ነገ ኑና ይህን ሥጋ ብሉ፤ አይበላሽብኝ» አሉን። ሐሙስ ቦሌ ማንም አልቆመም። ቄራ ተቀምጠን ጥብስ በላን። ሰላም ዛሬ ደህና ሥራ ይዛለች፤ በየዓመቱ ትመጣለች፤ ትኬቷንም ከእኛ በቀር ሌላ ጋ አትቆርጥም።

ያን ረቡዕ ግን ከቄራ ታክሲ ልንይዝ ወደ ሜክሲኮ በእግራችን ስንሄድ ነው ጋሽ መኩሪያ ስለ ራሳቸው የነገሩኝ። ሳልጠይቃቸው ነው፤ መንገዱን እያዩ።

ባለቤታቸው ቤሩት ያለች እህቷን ለሦስት ወር ልትጠይቅ ሄደች። «ትኬቱን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። መሄጃዋንም መመለሻዋንም፣ በዚህ እጄ» አሉኝ። ልጃቸው ምሕረት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። የመመለሻው ቀን ማለዳ የምሕረት የፊት ጥርሷ ወለቀ። «ለእማዬ ነው መጀመሪያ የማሳየው» ብላ አፏን ዘጋች። ቁርስ እንቢ፣ ማውራት እንቢ። ጎረቤት ቢለምናት፣ አባቷ ቢለምኗት፣ ከንፈሯን ገጥማ በጭንቅላቷ ብቻ ነው የምትመልሰው። እንደዚያው ሆና በታክሲ ቦሌ ሄዱ።

«ሻንጣ የሚገፋው ሁሉ ወጣ። አቅፎ የሚያለቅሰው አልቅሶ ሄደ። አብራሪዎቹም ወጡ። በሩ ሲዘጋ ልጄ አፏን እንደዘጋች ናት» አሉ። «ቤዛ፣ እኔ እኮ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ዝርዝሩ ላይ ስሟ አለ የለም ብዬ ማየት እችል ነበር። አላየሁም። ፈራሁ። ፈርቼ ልጄን ወስጄ አቆምኳት።»

«ባለቤትዎስ ምን ሆነው ነው?»

«ደህና ነበረች። ሥራ አግኝታ ነው። ከዓመት በኋላ ደብዳቤ ጻፈች፤ መናገር አፍራ እንደነበር። አልተቀየምኳትም። አንድ ሰው ግን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደውሎ ‹ትመለሻለሽ?› ቢላት ኖሮ ትነግረው ነበር። ጠያቂ ነው ያጣችው።»

ጥርሱስ ምን ሆነ አልኳቸው። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ እየለመንኳት ነበራ፤ ታክሲ ውስጥ ‹በል እንካ› ብላ አሳየችኝ» አሉና ጃንጥላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ከዚያ በኋላ በደወሉ ቁጥር ከወንበሬ ቀና ብዬ ነው የምሰማቸው።

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲፈርስ ቢሮው ወደ ሜክሲኮ ተዛወረ። ጋሽ መኩሪያ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩባት፣ ምሕረትን ያሳደጉባት ቤትም ከቢሮው ጀርባ ነበረች፤ አብራ ሄደች። ለእሳቸው ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። አንድም ቀን አላማረሩም። የድሮው ፎቅ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመን ስናይ፣ «ሰፈርም ይሄዳል ለካ። ለሰፈር ደግሞ ደርሶ መልስ አይቆረጥለትም» አሉ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ያን ቀን በእርግጥም ዘነበ።

ምሕረት አርባ ምንጭ መምህርት ናት፤ እዚያው አግብታ አንዲት ልጅ ወልዳለች። በየፋሲካው ካዛንቺስ ትመጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ደውላ፣ «አባዬ፣ የምመጣበት ካዛንቺስ የለም። አሁን ተራው ያንተ ነው» አለቻቸው። ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ፊት፣ መንገደኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ መጥተው ቁጭ አሉ።

«አርባ ምንጭ። ደርሶ መልስ። ለሁለት ሳምንት» አሉኝ። «ከክንፉ ፊት።»

ትኬታቸውን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ካሌንደሩ ላይ መሄጃቸውን በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ መመለሻቸውንም በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

«እርሳስ ነው እሱ» አሉኝ።

«እርስዎማ ይመለሳሉ! የምመለስ ሰው ነኝ ሲሉ አልነበር?»

እርሳሱን አንስተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ቀበቶ አስተሳሰር ላሳይዎት ስላቸው ብቻ ሳቁ። የደረሱ ዕለት ደውለው፣ «ቆርቆሮ አላየሁም፤ ደመና ነው ያየሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

የመመለሻቸው ቀን ሐሙስ ነው። ሰኞ ቢሮ ስገባ ካሌንደሩን አየሁ። መደወል አለብኝ። ሌላውን ሁሉ ደወልኩ፤ እሳቸውን እያሳለፍኩ። ምሳ በላሁ። ጠረጴዛ ጠረግኩ። ያቺ አጭር ጥያቄ እንዴት እንደምታስፈራ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አዲሱ ቢሮ ያለ እሳቸው መስተዋትና ብርድ ነው፤ ሐሙስ ሲጢጥ የማይለውን ደረጃ ወጥተው፣ ጃንጥላቸውን ጥግ አስደግፈው፣ «አንቺ ልጅ» እንዲሉኝ ነበር የምፈልገው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የጃኬቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። ደወልኩ።

«ዘገየሽ» አሉኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩሽ ነው።» ከጀርባቸው ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። እሳቸውም ተነስተዋል።

«ጋሼ፣ ይምጡ በቃ! ሰው እየጠየቀ ነው፣ እኔ ብቻዬን አልቻልኩም፣ አዲሱን ሲስተም ማንም አያውቀውም...»

«መለመን የለም» አሉ በቀስታ። «ጥያቄው ይቅደም።»

ምራቄን ዋጥኩ። «መመለሻዎ ሐሙስ ነው። ይመለሳሉ?»

«አልመለስም።»

ዝም ብዬ ሰማሁ። እንደዚያ ነው የተማርኩት።

«የልጅ ልጄ ጥርሷ ተነቃንቋል» አሉ። «የፊቱ። ሐሙስ ይወልቅ፣ ዓርብ ይወልቅ አይታወቅም። ጠዋት ጠዋት እየተነሳች መጀመሪያ ሻንጣዬን ታያለች፤ ቦታው ላይ ካለ ትስቃለች። ትናንት ‹አያዬ፣ ሐሙስ ከሄድክ ለማን ላሳየው?› አለችኝ። እናቷ ምሕረት ሰምታ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ቤዛ፣ አንድ ጊዜ ልጄን በር ላይ አቁሜያታለሁ። ሁለተኛ አላቆምም። ሰው ሁሉ ሲቀር ከሚጠብቀው ሰው ነው የሚቀረው፤ እኔ ግን የሚጠብቀኝ ሰው ጋ ነው የቀረሁት።»

እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ግን ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀርታለች። እንደቆምኩ እሷንም ጠየቅኩ።

«ለሚጠብቅዎት ሰው ነግረዋል?»

«አሁን እየነገርኳት ነው» አሉኝ።

«እግዜር ይርዳዎት» አልኳቸው፤ ሥርዓቱ እሱ ነው።

«አሜን። በይ ወንበሩን ልቀቂው፤ ባዶውን እንዳይበር።»

በገዛ እጄ ለቀቅኩት። ሐሙስ ከአርባ ምንጭ የሚነሳው አውሮፕላን ሞልቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበረና፣ እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ አንድ የማላውቀው ስም ገባበት። ለሐኪም ቀጠሮ ይሁን ለሠርግ አላውቅም፤ ብቻ የሚመጣ ሰው ነው። ካሌንደሩ ላይ ያለው የጋሽ መኩሪያ ስም ግን አልጠፋም፤ ላጲስ አይበግረውም። አሁን የሁሉንም መመለሻ በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ ተነስቼም ነው የምደውለው። አዲሶቹ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሐሙስ ከሰዓት ምሕረት ፎቶ ላከችልኝ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታለች፤ ከጎኗ ጋሽ መኩሪያ ቡናማ ሹራባቸውን በዚያ ሁሉ ሙቀት እንደለበሱ እሳቸውም አፋቸውን ከፍተዋል፤ የሁለቱም የፊት ጥርስ ጎዶሎ ነው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ጥርሷ የወለቀው አባዬ ገበያ ወጥቶ ሳለ ነው። ለእኔም ለአባቷም አላሳይም ብላ አፏን ዘግታ በር ላይ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመች። መጣላት።»